ቃል አቀባይ

ትሪየስቴ ነው፤ ወደቡ ዳር፤ ነፋስ ሰውን ገመድ በሚያስይዘው፣
ቦራ የሚሉት ቁጡ አየር ባርኔጣና ድመት በሚነጥቀው፣
እኔ ከመድረኩ ከንፈር ሥር በሣጥን ውስጥ የምታጠፍ፣
ቃል ለጠፋው ቃል የማቀብል፣ ስሜ በማስታወቂያ የማይጻፍ፣
ሠላሳ ዓመት በመብራት ጢስ ዐይኔ እንባ እያዘነበ
የነገሥታቱን ንግግር ከእነሱ ቀድሞ ያነበበ፤
ዘውዳቸውን ግን አላየሁም። እኔ ካለሁበት ጉድጓድ
የሚታየው ጫማ ብቻ ነው፤ ሲቆም፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሄድ።

ስለዚህ ቴዎዶሲያን፣ አሜሪካዊቷን ተዋናይት፣
ፊቷን ሳይሆን ጫማዋን ነው በመጀመሪያ ያየሁት፦
ጥቁር ቦቲ፣ ጨው የበላው፣ የባሕር ጨው፣ የጉዞ ጨው፣
ጫፉ ላይ የተጣፈበት የመርከብ ሸራ ቁራጭ ነው።
«አባቴ ሸራ ሰፊ ነበር» አለችኝ ሌላ ቀን ማታ፣
«ለዓሣ ነባሪ አዳኞች ነፋስ ሲሰፋ በርጋታ፣
እኔ ከጉልበቱ ሥር ሆኜ ስፌቱን ስቆጥር አደግሁ፤
ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁ፣ ሌላ መዝሙር አላወቅሁ።»

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ጢም በከሰል ተስላ
አልጋ ወራሽ ሆና የወጣች፣ ሰይፏን ታጥቃ፣ ዐይኗን ተኩላ።
የሰፈሯ ሰባኪ በሰንበት ስሟን ሳይጠራ ረገማት፤
እናቷ ግን ከኋላ ወንበር ሻሿን ተከናንባ አየቻት።
ከዚያ ወዲያ የወንዝ ጀልባ፣ ጎተራ፣ የፍርድ ቤት አዳራሽ፣
በረዶ ያገተው ባቡር፣ ትኋን የወረሰው ፍራሽ፤
ባሏ ደግሞ አስተዳዳሪዋ፤ የበሩን ገቢ ቆጥሮ፣
ጭብጨባውን ለሷ ትቶ፣ ሳንቲሙን በኪሱ ቋጥሮ፣
አንድ ቀን ሊቨርፑል ላይ በጠዋት ባቡር ተሰወረ፤
የሆቴሉን ሒሳብ ብቻ ትራሷ ሥር ሰክቶ ነበረ።

እኛ ጋ ስትመጣ እንግዲህ አርባን አልፋለች በወሬ፣
በወረቀቷ ሠላሳ ሦስት (አልጠየቅሁም እስከ ዛሬ)።
እሷ በእንግሊዝኛ ታለቅሳለች፤ የኛዎቹ በጣልያንኛ
«አትሂጂ» ይሏታል፤ ታዳሚው መሐል ቁጭ ብሎ እንደ ዳኛ፣
ቃሉ ሳይገባው እየገባው።
እኔ ብቻ ሁለት መጽሐፍ በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
ከመርከበኛ የቃረምሁትን እንግሊዝኛ አሟሽቼ፣
እግሯን እጠብቅ ነበር። ቃል ሊጠፋት ሲል ያስታውቃል፦
የግራ ጫማዋ ጫፍ ወለሉን ሁለቴ ይጠቅሳል።
ያኔ ሹክ እላታለሁ። እንዲያ ያለ መግባባት
ከሚስቴ ጋር አልነበረኝም፤ ነፍሷን በሰላም ያኑራት።

የካቲት ነው። ቦራ ጣራውን በጥርሱ ይዞ ይነቀንቃል፤
ንግሥቲቱ መርዝ ጠጥታለች፤ ልጇ እግሯ ሥር ይወድቃል።
ጫማዋ ወለሉን ጠቀሰ። ቃሉን ሰጠሁ። አልወሰደችም።
ደገምሁ፣ ጮክ ብዬ። ጫማዋ አልተንቀሳቀሰም።
ሦስተኛ ልሰጥ ስል ሰማሁ፣ ከመጽሐፉ የሌለ ነገር፦
«አንድ… ሁለት… ሦስት…» ትላለች፣ በመርፌ ከጨርቅ ጨርቅ ስትሻገር።
ሃያ፣ ሠላሳ… ስፌት ስትቆጥር፣ በዚያ ሁሉ ዝምታ፣
ስድስት መቶ ሰው አለቀሰ፣ ቃሏን ሳይሰማ፣ ሳይፈታ።
አንድ የመርከብ ባለቤት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤
ቫዮሊን መቺው ቀስቱን ጥሎ ስለት አጉረመረመ።
በማግስቱ ጋዜጣው «የሞት ጥበብ ጥግ» ብሎ ጻፈ።
ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ መጽሐፉ እጄ ላይ ያረፈ፤
እኔና እሷ። በሦስተኛው ቀን ከመጋረጃው ኋላ ጠራችኝ፤
«ወዳጄ፣ ከእንግዲህ ቃል ብትሰጠኝ መያዣ የለኝ» አለችኝ።

ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ማንም አልጠራት፣ ብር የላት።
የቲያትር ቤቱ ጌታ የሸራ መስፊያውን ክፍል ሰጣት፤
እዚያ፣ መዳፏ ላይ ቆዳ አስራ፣ ደን ስትጠግን፣ ሰማይ ስትጥፍ፣
የተቀደደ ቤተ መንግሥት በሰም ክር ጫፍ ጫፉን ስትዘርፍ፣
ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ሌሎች ንግሥቶች መጡ፣ ሄዱ፤
ቃል ሲጠፋቸው እኔን ነው በዐይናቸው የሚያርዱ።

የሞተች ዕለትም ቦራ ነበር። አራት ሰዎች ተሸክመው፣
አንድ እጅ ለገመዱ፣ አንድ እጅ ለሣጥኗ ሰጥተው፣
ወደ ኮረብታው። የተገነዘችው በአሮጌ የትርዒት ሸራ፣
ግማሹ ባሕር፣ ግማሹ ደን፣ ቀለሙ ገና የሚያበራ፤
ጠርዙን የሰፋችው እሷው ናት። ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብዬ
ስፌቷን መቁጠር ጀመርሁ፣ በመርከበኛ እንግሊዝኛዬ፤
አንድ፣ ሁለት… አርባ ሁለት ላይ ስደርስ ቃሉ ተሰወረ።
እግሬ መሬቱን ሁለቴ ጠቀሰ።
ከታች የሚያቀብለኝ አልነበረ።